አስታማሚን ማን ያስታምማል?

በጨርጨር ደጋማ ከተሞች፣ በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ፣ ሰው ሲሞት ማን ምን ማድረግ እንዳለበት የማያውቅ የለም። ወሬው ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ሲሻገር ጊዜ አይፈጅም። አፎሻው ይሰበሰባል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ጎልማሳው መቃብር ይቆፍራል፤ ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ ይጋግራሉ፣ ያፈላሉ። አፎሻ ማለት የሐረርጌ ሕዝብ በኀዘንም በደስታም የሚረዳዳበት ማኅበር ሲሆን በሌላው የአገሪቱ ክፍል እድር ከሚባለው ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። የመዋጮው መጠን በመዝገብ የሰፈረ ነው፤ ያለ ምክንያት የቀረም ይቀጣል። ሟቹ ሀብታም ይሁን ድኻ፣ የቤቱ ሰው በእነዚያ ቀናት እሳት አያነድም፣ እንግዳ አያስተናግድም፣ ብቻውንም አያድርም። የሰው ልጅ ለሞት ያወጣው ሥርዓት በዚህ ረገድ ሙሉ ነው ለማለት ይቻላል።

ሰውየው ሳይሞት ሲቀርስ? ማታ በጤናው የተኛ ሰው ጧት ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብሎ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ አንደበቱ ተሳስሮ ሲገኝስ? በመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂው ቤቱን ይሞላዋል። የታመመን መጠየቅ በእስልምናም ሆነ በክርስትና ከትልልቆቹ ግዴታዎች የሚቆጠር ስለሆነ፣ ስኳር የያዘም ቡና የያዘም፣ ባዶ እጁንም የመጣ፣ «አላህ አፊያ ያድርግህ»፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» እያለ ይገባል ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት ጠያቂው ይሳሳል። በሦስተኛው ወር የሚመጣው የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው። በዓመቱ ደግሞ ሰፈርተኛው ስለ በሽተኛው የሚጠይቀው ሚስቲቱን መንገድ ላይ ሲያገኛት ነው፤ እርሷም «ደኅና ነው፣ ይመስገን» ብላ ታልፋለች። ከዚህች አጭር መልስ በስተጀርባ ያለው ኑሮ ግን የማንንም መዝገብ አላገኘም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው፤ ኅብረተሰብ ለሞት ያን ያህል ሲደራጅ፣ ላልሞተውና ላልዳነው ሰው የሚከፈለው ዋጋ ለምን በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ብቻ ይቀራል? ይህስ ፍትሕ ነው ወይስ ልማድ?

ስለ በሽታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሕዝቡ «መታው» ይለዋል፤ ሐኪሞችም የአንጎል ምት ወይም ስትሮክ ሲሉት ከሕዝቡ አነጋገር ብዙም አልራቁም። የሚለያዩት በመቺው ማንነት ነው። ብዙ ሰው መቺውን ከጅኒና ከመጥፎ ዐይን ዘንድ ይፈልገዋል፤ ሕክምናው ግን ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ፈንድቶ ሲደማ የሚደርስ ጉዳት መሆኑን ያስረዳል። ዋነኛው ጥሪ አድራጊ ለብዙ ዓመታት ምንም ሳይሰማ የሚኖረው የደም ግፊት ነው። ጫትም ለጊዜው የደም ግፊትንና የልብ ትርታን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ስለሆነ፣ ጫት ገበያም መዝናኛም በሆነበት አገር ይህን ሸሽጎ ማለፍ አይገባም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም ጉዳቱ የመዘጋት እንጂ የመድማት አለመሆኑ በሲቲ ስካን ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከኩኒ ወይም ከበዴሳ ገጠር ተነሥቶ እንዲህ ያለው መሣሪያ ወዳለበት ትልቅ ከተማ የሚደረገው ጉዞ ብቻውን ያን ሰዓት ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ በአብዛኛው የማገገም ጉዳይ ነው፤ የማገገም ጉዳይ ማለት ደግሞ የአስታማሚ ጉዳይ ማለት ነው። ሰውነት ፈጥኖ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና ስድስት ወራት እንደ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ ለውጥ ሊገኝ እንደሚችል ባለሙያዎች ይናገራሉ። ታዲያ በእነዚያ ወራት ያንን የደነዘዘ እጅ በቀን ብዙ ጊዜ አንሥቶ የሚያጥፍ የሚዘረጋው ማን ነው? የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠውስ? የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በብዛት የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ስለሆነ መልሱ ከቤት ውጭ አይገኝም።

ነገሩ ከረቂቅነት እንዲወጣ አንድ ቤት ለምሳሌ ይወሰድ። ቤቱ በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ባል ጫት ነጋዴ ነው፤ ሱቅ ወይም መጋዘን ያለው ሳይሆን ከገበሬው ማሳ ላይ ገምቶ የሚገዛ፣ አስቆርጦ፣ አሳስሮ፣ በማታው መኪና የሚጭን ሰው ነው። ጫት ትኩስነቱን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የሚያጣ ዕቃ ስለሆነ፣ ይህ ንግድ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው፤ በሰዓትና በቃል። ለማን ስንት እስር በዱቤ እንደ ተሰጠ፣ ከየትኛው ገበሬ ማሳ ላይ ቀብድ እንደ ተጣለ የሚጻፍበት ደብተር የለም፤ ደብተሩ የሰውየው ጭንቅላት ነው። አንጎሉ በተመታ ጧት ታዲያ የቀኝ እጁ ብቻ አይደለም የሞተው፤ የሂሳብ መዝገቡም አብሮ ተዘግቷል። ዐይኑን እያንከራተተ፣ በግራ እጁ እየጠቆመ፣ አንድ ስም ለማውጣት ላብ እስኪያጠምቀው ይታገላል፤ ሚስቲቱ ግን ስሙን አታውቀውም። ያበደረውን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነበር። የተበደረውን ግን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ አበዳሪዎቹም ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀላቅለው ይመጣሉ፣ በጨዋነት አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ፣ ሲወጡም በሩ ላይ ትንሽ ቆም ይላሉ።

ከዚያ የሚከተለው የገንዘብ ታሪክ በሁሉም ቤት ይመሳሰላል። በመጀመሪያ የተጠራቀመው ጥሬ ብር ለመኪና ኪራይና ለምርመራ ይወጣል። ቀጥሎ በሬው ወይም ላሟ ይሸጣሉ፤ ሕመም መኖሩ በገበያ የታወቀ ሰው ከብቱን በሙሉ ዋጋ ሸጦ እንደማያውቅ ልብ ይሏል። ቀጥሎ ያልደረሰው ጫት በማሳው ላይ እያለ በርካሽ ይሸጣል። ከዚያ ብድር፣ ከዚያም አራጣ ይመጣል። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሙከራው የተጀመረው፣ ከእነዚያም ወረዳዎች አንዱ የምሥራቅ ሐረርጌው ደደር የነበረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን፣ መዋጮውን ለከፈለ ቤተሰብ የሕክምናውን ወጪ በእጅጉ እንዳቀለለ አይካድም። ይሁን እንጂ መድኅኑ የሚከፍለው ለሕክምናው ነው፤ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያው ለሚያመላልሰው ባጃጅ አይከፍልም። ሚስቲቱ ገበያ ሳትወጣ ለቀረችበት ቀንም አይከፍልም። የቤቱ ትልቅ ወጪ ደግሞ ይህ የመጨረሻው ነው። የግፊት ኪኒን ዋጋው ይታወቃል፤ የጠፋው የሥራ ቀን ግን ዋጋው ስላልተጻፈ ያልወጣ መስሎ ይታያል። ሚስቲቱ ቀድሞ ቁጭ ብላ ጫት ትቸረችር የነበረበት ቦታ በሌላ ሴት ተይዟል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጅ በመጀመሪያ ለአንድ ሳምንት፣ ኋላም «አባቷ እስኪሻለው» ከትምህርት ቀርታለች። ወንድሟ አልቀረም።

ከዚህ ላይ አንድ ቃል መመርመር አለበት፤ እርሱም «ቤተሰብ» የሚለው ነው። «በሽተኛው ቤቱ ይሂድ፤ ቤተሰቡ ይንከባከበዋል» ተብሎ ከሐኪም ቤት ሲሸኝ፣ ዐረፍተ ነገሩ ባለቤትና ግሥ ያለው፣ ሰዋስው የማይነቅፈው ነው። ነገር ግን «ቤተሰቡ» የተባለው ባለቤት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ የሚነሣ ሰው አይደለም። የሚነሣ ሰው ስም አለው፣ ወገብ አለው፤ ዘጠኝ ጊዜ ከዐሥር ደግሞ ሴት ነው ቢባል ብዙ አስተዛዛቢ አይሆንም። ይህን ለማረጋገጥ ነገሩን ገልብጦ ማየት ይበቃል። የተመታችው ሚስት ስትሆን፣ የምታስታምመው ብዙ ጊዜ ሴት ልጇ ወይም እኅቷ ናት፤ ባልየው ወጪውን ይሸፍናል፣ ያዝናል፣ ይጸልያል፣ ገንዳውን ግን አይደፋም። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ልማድ የወጡ፣ ሚስቶቻቸውን በእጃቸው አጥበው በጀርባቸው አዝለው ያስታመሙ ወንዶች በየከተማው አሉ። ሰፈሩ ግን እነርሱን እንደ ተአምር ያወራቸዋል፤ ተአምር የሚባለውም ልማድ ያልሆነው ነው።

«አስታማሚ» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ቃሉ የተወለደው «ታመመ» ከሚለው ግሥ ነው። አማርኛ በሽተኛን የሚጠብቀውን ሰው ሲጠራ ከጥበቃም ከርኅራኄም ሥር ቃል አልፈለገም፤ ከሕመም ሥር ወሰደለት። ቋንቋው አስታማሚውን ከታማሚው አልለየም ማለት ነው። ጉዳዩ በቤቱ ውስጥ ሲታይም እንደዚያው ነው።

ስለ ገንዘቡ ሲወራ የሚዘነጋው የልብ ነገር ከገንዘቡ የሚቀል አይደለም። ጉርሻ የፍቅርና የክብር ምልክት መሆኑን የማያውቅ የለም። ባል ሚስቱን ሲያጎርስ፣ አዛውንት ልጁን ሲያጎርስ፣ ሰጪውም ተቀባዩም ከፍ ይላሉ። ይኸው ጉርሻ እጁን ማንሣት ላልቻለ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ሲሰጥ ግን ትርጉሙ ተገልብጦ ይገኛል። ትናንት በማዕዱ ራስ ተቀምጦ ያጎርስ የነበረው አባወራ ዛሬ ከልጁ እጅ ይጎርሳል፤ ምግቡ ከከንፈሩ ጥግ ሲወርድም ልጁ ትጠርግለታለች። ዐይኑን ይጨፍናል። ሲቈጣም ቁጣው በምግቡ ላይ ወይም በሚስቲቱ ላይ ያርፋል፤ ሌላ የሚቈጣው ነገር በአጠገቡ የለምና። በዚህ ላይ የአንጎል ጉዳት ስሜትን የሚገዛውን ልጓም ሊበጥሰው ስለሚችል፣ በማይሳቅበት መሳቅ፣ በማይለቀስበት ማልቀስ ይመጣል። ይህ የበሽታው ምልክት መሆኑን ያልነገራቸው ቤተሰቦች «አሁንስ ልቡም ጠፋ»፣ ወይም «ሊያበሳጨን ነው» ብለው ይተረጕሙታል። አንድ የጤና ባለሙያ ይህችን አንዲት ነገር በዐሥር ደቂቃ ቢያስረዳ የስንት ወር ቅያሜ እንደሚቀር ማሰብ አያዳግትም።

የአንደበት ነገር ደግሞ በሐረርጌ ልዩ መልክ አለው። ንግግርን የሚገዛው የአንጎል ክፍል በአብዛኛው ሰው በግራ በኩል ስለሚገኝና የግራው አንጎል ቀኝ ጎንን ስለሚያዝ፣ ቀኝ ጎኑ የሰለለ ሰው ብዙ ጊዜ አንደበቱም ይያዛል። የጭሮ ነጋዴ ግን አንደበቱ አንድ አይደለም። በገበያ ኦሮምኛ፣ በቢሮ አማርኛ ይናገራል፤ ወደ ሚኤሶ ሲወርድ ሱማልኛ ይጨምራል። ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በአንጎል ምት ሲጎዳ ቋንቋዎቹ ሁሉ እኩል እንደማይጠፉ፣ እኩልም እንደማይመለሱ በሕክምና የታወቀ ነው። አንዱ ቀድሞ ሊመለስ፣ ሌላው ወራት ሊዘገይ ይችላል። ሚስቱን በአማርኛ ያገባ፣ ልጆቹን በአማርኛ ያሳደገ ሰው በመጀመሪያ የሚመለስለት የእናቱ ኦሮምኛ ቢሆን፣ ወይም ተቃራኒው ቢሆን፣ በዚያ ቤት ውስጥ ማን ይበልጥ እንደተገፋ ሊሰማው እንደሚችል የታወቀ ነው። «እኔን ብቻ ረሳኝ» የምትል ሚስት የምትሳሳተው ስለ አንጎል ነው፤ ኀዘኗ ግን እውነተኛ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን በቤት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል ቢባል መልሱ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በሐበሻ ግብረገብ ውስጥ ሁለት ፊት ያለው ነገር ነው። ሚስቲቱ ባሏን ጥላ እንዳትሄድ ከያዟት ገመዶች አንዱ እርሱ ነው፤ ፍቅር በደከመበት ሌሊት ይሉኝታ ቆማ እንድታድር ያደርጋታል። በዚያው መጠን ግን «ደከመኝ» እንዳትል፣ «አንድ ሌሊት አድሩልኝ» ብላ እንዳትለምን አፏን የሚዘጋውም እርሱ ነው። በሽተኛውም በምርኩዝ እየተጎተተ ሰው ፊት ላለመታየት ሲል ለማገገም የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ ይተዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል፤ ድካሙን የደበቀ አስታማሚም እርዳታ እንደማያገኝ ግን ተረት አልተተረተለትም።

ነገሩ የድኻ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ከአገሪቱ ታሪክ የታወቀ ምስክር አለ። ዐፄ ምኒልክ ከቀድሞም ጀምሮ ጤና አጥተው ቆይተው በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. በከባድ የአንጎል ምት ተመቱ፤ አካላቸው ሰለለ፣ አንደበታቸውም ተዘጋ። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በዚያ ሁኔታ በቤተ መንግሥት ኖሩ። በአጠገባቸው የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። እቴጌይቱ በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር አስከትለው ወደ ዓድዋ የዘመቱ፣ በመንግሥት ምክር ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። ባላቸው ሲሰልሉ ከሥልጣኑም ከማስታመሙም አልራቁም ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱ መክረው ከመንግሥት ሥራ አገዷቸው። የተሰጣቸው ትእዛዝ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ባለቤትዎን ያስታምሙ፣ ሌላውን ይተዉ የሚል።

መኳንንቱ ምክንያት አልነበራቸውም ለማለት አይደለም፤ የሥልጣን ሽኩቻው ከሁሉም ወገን የከረረ ነበርና። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ትእዛዙ የተነገረበት ቋንቋ ነው። አንዲትን ባለሥልጣን ከአደባባይ ለማራቅ ሲፈለግ እስር ቤት አላስፈለገም፤ የበሽተኛው አልጋ በቂ ነበር። ማንም ሊቃወመው አይችልም፤ ሚስት ባሏን አታስታምም ሊል የሚደፍር ማን ነው? ለእቴጌይቱ እንደ ቅጣት የተነገረው ይህ ቃል ለጭሮዋ ጫት ቸርቻሪ እንደ ምስጋና ይነገራታል፤ «አንቺ መልካም ሴት፣ ከአጠገቡ አልተለየሽም» ትባላለች። ቅጣቱም ምስጋናውም የሚያደርሱት ግን ከዚያው ክፍል፣ ከዚያው አልጋ ዳር ነው። አንዱ ከቤተ መንግሥት ምክር ያርቃል፤ ሌላው ከገበያ ቦታ ያርቃል። ምኒልክ ሲሞቱ ሞታቸው ለረጅም ጊዜ በይፋ አልተነገረም፤ ጣይቱም ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ እንጦጦ ሄዱ፤ በዚያ ኖረው በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ስለ ዓድዋው ዘመቻቸው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እነዚያ አራት ዓመታት ሌሊቶች የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ምኒልክን ካከሙት አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በመቅደላ ጦርነት ማግሥት፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው በሕንድ አድገው የተማሩ፣ በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ናቸው። እኒሁ ሐኪም በ1920ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሹመው አውራጃውን ለአርአያነት ሲያደራጁ መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ ነበረች። ስለዚህ የንጉሠ ነገሥቱን የሰለለ አካል በዐይኑ ያየ ሰው በዚያች ከተማ መንገድ ላይ ተራምዷል። ይህ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ከአጋጣሚነቱ በላይ ማድረግም አያስፈልግም። ነገር ግን ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሕክምናው ብዙ ሲራመድ፣ የአልጋው ዳር ሥርዓት ያን ያህል እንዳልተራመደ ለማሰብ ያበቃል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ፣ ባል ሠራተኛ ሊያቆምላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ መከባበርን፣ መደጋገፍንና መረዳዳትን በሁለቱም ላይ ግዴታ አድርጎ ጣለ። ኦሮሚያም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። መርሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕጉ የሚናገረው በሁለቱ መካከል ስላለው ዕዳ እንጂ ሌላው ኅብረተሰብ ለሁለቱ ስላለበት ዕዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ሠራተኛው ራሱ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ ከዚያም ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ያገኛል። የትዳር ጓደኛው ሲሞት ከደመወዝ ጋር የሦስት ቀን ፈቃድ አለው። የትዳር ጓደኛው በሕይወት ኖሮ ሲሰልልስ? ለልዩና ለከባድ ጉዳይ የሚሰጠው ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ ያውም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ የማይበልጥ ነው። ሕግ አውጪውም እንደ አፎሻው ለሞት ዋጋ ቆርጧል፤ ለረጅሙ ሕመም ግን አልቆረጠም። (ይህ ሁሉ ተቀጥሮ ለሚሠራው ነው፤ ከጨርጨር ሕዝብ ግን አብዛኛው ገበሬና ነጋዴ ነው።) በዚያው በ1992 ዓ.ም. ጃፓኖች የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድኅን ሲያቋቁሙ ከገፋፏቸው ነገሮች አንዱ ሽማግሌና በሽተኛ የማስታመሙ ሸክም በምራቶች ላይ መውደቁ መሆኑ የታወቀ ነው። ጃፓን ሀብታም አገር ናት፤ እርሷን አምጥቶ ከጭሮ ጋር ማመዛዘን አግባብ ላይሆን ይችላል። የሚጠቅመው ገንዘቡ ሳይሆን ጥያቄው ነው፤ ሸክሙ ያለባቸውን ሰዎች ለይቶ በስማቸው መጥራት መቻሉ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ማስታመም የፍቅር ሥራ ነው፤ በሂሳብ ከተቆጠረ፣ በተራ ከተደለደለ ፍቅርነቱ ይጠፋል፣ ትዳርም ወደ ኪራይ ውል ይለወጣል የሚል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሚስቲቱ በገንዘብ ተገዝታ ያላደረገችውን ነገር በገንዘብ መመዘን የሚያስቀይምበት መንገድ በእርግጥ አለ፤ እርሷ ራሷም ቢከፈላት ልትቆጣ ትችላለች። ነገር ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ፍቅር አንድን ሰው ሌሊት እንዲነሣ ሊያደርግ ይችላል፤ ሦስት መቶ ስልሳ ሌሊት ያለ እንቅልፍ እንዲቆም ግን አያደርግም፤ ይህ የሥጋ ጉዳይ ነው። በመጨረሻ ፍቅሩን የሚያጠፋው ሂሳቡ ሳይሆን ድካሙ ነው። አፎሻ ለሟች ሲዋጣ የሟቹ ልጅ ኀዘን ወደ ንግድ አልተለወጠም፤ እንዲያውም ምግብ ከማብሰል ስላረፈ ለማልቀስ ጊዜ አገኘ። ለአስታማሚዋም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይጠየቅም፤ ለመውደድ ጊዜ እንድታገኝ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የአፎሻ ዳኞች የሚያነሡት ሊሆን ይችላል፤ ከመጀመሪያውም ይልቅ የሚከብድ ነው። ሞት አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ወጪውም ይታወቃል፤ ሕመም ግን ማብቂያው አይታወቅም፤ ለአንዱ ተከፍሎ ለሌላው ቢቀር ማኅበሩ ይፈርሳል። በገንዘብ ረገድ እውነታቸውን ነው። የትንሽ ከተማ ማኅበር የዓመታት ሕመምን በብር ሊሸከም አይችልም። ይሁን እንጂ የሐረርጌ ገበሬ ከአፎሻ ሌላ ጉዛ የሚባል ነገርም አለው፤ የአንዱን ማሳ ሁሉም ተሰብስቦ በጉልበቱ የሚሠራበት፣ ነገም በተራው የሚረዳበት ልማድ። ጉዛ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እጅና ቀን ነው የሚጠይቀው። የሰለለ ሰው ቤት የጎደለውም ይኸው ነው፤ እጅና ቀን። ማሳ በተራ የሚታረስ ከሆነ ሌሊት በተራ የማይታደርበት ምክንያት ከልማድ በቀር አይታይም። ይህም ከባዶ የተነሣ ሐሳብ አይደለም፤ በ1990ዎቹ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ እድሮች ለቀብር ብቻ መቆማቸውን ትተው ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሕሙማንን በየቤታቸው በመንከባከብ ሥራ ተሰልፈዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የመደባቸው ሴቶች ቤት ለቤት እንደሚዞሩም የታወቀ ነው። የሰለለ ክንድ እንዴት እንደሚያዝ፣ በሽተኛ ወገብ ሳይሰበር እንዴት እንደሚገለበጥ ለአንድ የአፎሻ ቡድን ማሳየት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ከያንያንም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። አማርኛም ኦሮምኛም ለሞት የሚሆን የግጥም ሀብት አላቸው፤ አልቃሿ የሟቹን ቁመት፣ ለጋስነት፣ ፈረስና ጋሻ ሳይቀር ስትደረድር ድንኳኑ ይናወጣል። ላልሞተው ሰውና ለምታገላብጠው ሴት ግን ዜማ አልወጣም። በመድረክም ቢሆን በሽተኛ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለመናዘዝና ለመሞት፣ ወይም በመጨረሻው ገቢር በተአምር ለመነሣት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅሙ ጊዜ ለተውኔት አይመችም ይባል ይሆናል፤ ታሪክ የማይሄድበት፣ ድርጊት የሌለበት ስለሚመስል። ግን ድርጊት አለ። የጭሮው ነጋዴ በዐሥራ አራተኛው ወር ከበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በጉልበቱ መካከል ጫት አስይዞ፣ በግራ እጁና በጥርሱ አንድ እስር ለማሰር ሲሞክር ማየት ይቻላል። ይፈታበታል። እንደ ገና ያስራል። ሚስቱ ከበስተኋላው ቆማ ታያለች፤ እጇ ልትረዳው ይዘረጋል፣ ይመለሳል። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ በአጠገባቸው ታልፋለች፤ ያቺ ሌሊት የጎረቤት ተራ ነበረችና ተኝታ አድራለች።